ባሕር በሌለበት ነፋስ ስለ መቀበል፤ የጉለሌ ጳውሎስ ኑሮና ዕረፍት

ሰው ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው የሚያርፍበት ስፍራ ያስፈልገዋል። ዕረፍት ለባለጠጋ የተፈቀደ፣ ከድኻ የተከለከለ ነገር አይደለም፤ በሬ እንኳ ሲያርስ ውሎ ማታ ከቀንበሩ ይፈታል። አገሮች ግን በአቀማመጣቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆኑ የሕዝባቸውም የዕረፍት ስፍራ እንዲሁ ልዩ ልዩ ሆኗል።

ባሕር የቀረባቸው ሕዝቦች የሥራቸው ሰዓት ሲያልቅ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዳሉ። በእስክንድርያ ከተማ በስተ ምሥራቅ ራምሌ የሚባለው ሠፈር በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ተዘርግቶ ይገኛል፤ ሕዝቡም ለብዙ ዘመን በትራም እየተመላለሰ ነፋስ ሲቀበልበት ኖሯል። የምጽዋ ሰዎችም ሙቀቱ ሲጸናባቸው ከከተማው በስተ ሰሜን ወዳለው ወደ ጉርጉሱም አሸዋ ይሄዳሉ። እንዲህ ባለው ስፍራ ልጆች በውሃው ይጫወታሉ፤ እናት በጥላ ሥር ትቀመጣለች፤ ሽማግሌም ማዕበሉን እየተመለከተ የሳምንቱን ሐሳብ ይረሳል። የባሕር ዳር ጥቅሙ መዋኘቱ ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ ያለ ዋጋ መግባቱ፣ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ሜዳ ላይ መቀመጡ፣ ደግሞም ግድግዳና አጥር ሳይከለክለው ዐይኑን ወደ ሩቅ መጣሉ፣ እነዚህ ሦስቱ ናቸው ሰውን የሚያሳርፉት።

እንግዲህ በሰሜን አዲስ አበባ በጉለሌ ጳውሎስ ለሚኖር ቤተ ሰብ የባሕሩ ዳር ወዴት ነው? ሠፈሩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ድረስ በቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ስለዚህ እሑድ ጧት ተነሥቶ ባሕር አይቶ ማታ ለመመለስ አይቻልም። ሆኖም ነገሩን በዝግታ ለመረመረው ሰው ይህ ሠፈር ዳርቻ አጥቶ የቀረ አይደለም። ዳርቻው ከራስጌው ያለው የእንጦጦ ተዳፋት ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ፣ ደግሞም ዳርቻው የሁሉ ሆኖ እንዲኖር ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ለክቡራንና ለክቡራት አንባብያን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ባሕር የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ

ባሕር ከእኛ ርቆ ሳለ ስሙ ግን ከአፋችን አልራቀም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈ ሰው የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት የቍጥር ትምህርት ባሕረ ሐሳብ መባሉን ያውቃል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወርደው የሚያድሩበት ውሃ፣ ወንዝ ቢሆን፣ ምንጭ ቢሆን፣ በሲሚንቶ የታነጸ ገንዳም ቢሆን፣ ባሕረ ጥምቀት ይባላል። በጣና ዳር ያለችው ከተማ ስሟ ባሕር ዳር ነው። የተራሮቻችንም ከፍታ የሚለካው ከባሕር ወለል ተነሥቶ ነው።

ለጉለሌ ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ የቀረበው ባሕር በደጁ የቆመው ነው፤ ይኸውም ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የተፈጠረበት አገር አውስትራልያ ሲሆን፣ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ አባቶቻችን ይህን ስም አወጡለት። ነፋስ በቅጠሉ ሲያልፍበት የሚሰማው ድምፅ ወደ ዳር ከሚመጣ ማዕበል ድምፅ ጋር ይመሳሰላል። በክረምት ጧትም ከእንጦጦ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው፣ ጉም ከተማውን አልብሶት ሕንጻዎቹ ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለው ያያል።

ከተማይቱ ከዕረፍት መወለዷ

ብዙ ከተሞች የተቈረቈሩት በገበያ፣ በወደብ ወይም በምሽግ ምክንያት ነው። የአዲስ አበባ መቈርቈር ግን ከዕረፍትና ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ተራራው ጠላትን ለመጠበቅ የተመቸ ቢሆንም፣ ብርዱ ጽኑ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ማገዶውም እየራቀ የሚሄድ ነበር። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች እየወረደ በፍልውሃ ይታጠብ ነበር። እቴጌ ጣይቱ የስፍራውን ለዛና የአየሩን መሞቅ ስለ ወደዱ በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ አዲስ አበባ የሚለውንም ስም አወጡ። ይህም በ1879 ዓ.ም. የሆነ ነው።

የተራራውም ክብር ወዲያው አልቀረም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው አንሥቶ ከተማይቱ ሁለት ስፍራ ነበራት፤ አንዱ ከላይ ያለው ብርዳማው ተራራ፣ ሁለተኛውም ከታች ያለው የሞቀ ውሃ ነው። ጉለሌ በተራራው እግር ስለ ተቀመጠ፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲወጣና ሲወርድ የኖረውን ሰው ሲያይ ኖሯል።

ከዚህ በኋላ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ በዙሪያው ያለው ደን ለቤት ሥራና ለማገዶ ተቈርጦ አለቀ። ነገሩም እጅግ ስለ ጸና መናገሻውን በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሥራው ተጀምሮ ነበር። ይህን ያስቀረው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቈርጡትም ከጕቶው መልሶ ያቈጠቍጣል፤ ስለዚህ በጥቂት ዓመት ውስጥ የእንጦጦን ራስ አለበሰው። በዚህ ዛፍ ላይ የሚነገር ወቀሳ አለ፤ ከመሬት ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ በሥሩም ሌላ ተክል እንዲበቅል አይወድም ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ከተማይቱ ከቦታዋ ሳትነቀል ለመቅረቷ የባሕር ዛፍ ውለታ አይካድም።

የሠፈሩ የአዘቦት ኑሮ

ጉለሌ የሚለው ስም በዚህ ስፍራ ቀድሞ ይኖሩ ከነበሩት የኦሮሞ ጐሣዎች ስም የመጣ ነው። ጳውሎስ የተባለው ግን በሆስፒታሉ ምክንያት ነው። ሆስፒታሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ ይልቁንም የመክፈል ዐቅም ለሌላቸው ሕመምተኞች መታከሚያ እንዲሆን የተሠራ ነው። በ2000 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ተጀመረበትና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ለመባል በቃ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ከዚሁ አይርቅም። በጉለሌ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ሸክላ ሠሪዎች የሚኖሩበት ቀጨኔና በሽመናው የታወቀው ሽሮ ሜዳ ይገኛሉ። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው ሥራው ብዙ ዐይነት ነው፤ ሐኪም፣ አስተማሪ፣ ጸሐፊ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ።

በአዘቦት ቀን ጎሕ ሲቀድ የመጀመሪያው የሚነሣው የእናቶች እሳት ነው። ቀጥሎም የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን ይሰማል። ከዚያ ወዲያ የታክሲው ረዳት እየጮኸ ሰው ይጠራል፤ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ይሮጣል፤ በሆስፒታሉም በር ላይ ከሩቅ አገር ሕመምተኛ ይዘው የመጡ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ማታ ሰው ሁሉ ሲገባ የቡና ጢስ ከየቤቱ ይወጣል፤ ጎረቤትም ተጠራርቶ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣል። ይህ የቡና ሰዓት ለብዙ ሰው ከቀኑ ውስጥ ብቸኛው ዕረፍት ነው።

ክረምት ሲገባ ሠፈሩ በጭቃና በጉም ስለሚያዝ ጨዋታው ሁሉ ወደ ቤት ይገባል። ሽማግሌዎች በገበጣ፣ ሴቶች በፈትል፣ ልጆችም በተረትና በእንቆቅልሽ ይቈያሉ፤ በየመንገዱ ዳር በከሰል ላይ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት ለመንገደኛው መሞቂያም መብልም ይሆናል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮኹ በየደጁ ይጨፍራሉ። መስከረም ሲጠባ ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው ይዞራሉ፤ ተዳፋቱም የአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል። ከጥቅምት ወዲያ ሰማዩ ሲጠራ ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ ተራራው ያነሣል።

ወደ ተራራው ስለ መውጣት

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ላይ የሚወጣውን መንገድ የተመለከተ ሰው የባሕር ዳር ሕዝብ ወደ አሸዋው ሲወርድ ያየ ይመስለዋል። ልዩነቱ፣ እነዚያ ሲወርዱ እኛ መውጣታችን ብቻ ነው። ቀድመው የሚወጡት ሯጮች ናቸው፤ ስመ ጥር የሆኑት አትሌቶቻችን ሳንባቸውን ያጠነከሩት በእንጦጦና ከወዲያ ባለው በሱሉልታ ሜዳ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ በዚህ መሮጥ የለመደ ደም በቆላ ሲወዳደር ይቀለዋል። ቀጥለው ጎረምሶች ኳስ ይዘው፣ ከዚያም ቤተ ሰቦች ዘንቢል አንጠልጥለው፣ በመጨረሻም ሽማግሌዎች ምርኵዛቸውን ተደግፈው ይወጣሉ። ለጤና ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚሄዱትም በዚያው መንገድ ያልፋሉ።

በተዳፋቱም ላይ በዘመናችን ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። አንደኛው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነው። ይህ ስፍራ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በአንድነት ያቋቋሙት ሲሆን ስፋቱ ከ700 ሔክታር ይበልጣል። ቀድሞ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ በነበረው መሬት ላይ የአገራችንን ተክሎች፣ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ዝግባውን መልሶ ለመትከልና ለማጥናት የቆመ ነው። ልጁን ወደዚያ የወሰደ አባት፣ አያቱ በስም ብቻ ሲጠሩት የሰማውን ዛፍ በዐይኑ ያሳየዋል። ሁለተኛው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ነው፤ በዛፎቹ መካከል የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ የመጫወቻና የምግብ ስፍራም ተሰናድቶበታል።

ከጧት እስከ ማታ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ መዝገብ ሲያገላብጥ ለሚውል ሰው ይህ መንገድ ከመድኀኒት ይቈጠራል። የዓለም የጤና ድርጅት ለጐልማሳ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሆነ የሰውነት እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልገው ይመክራል። እሑድ ወደ እንጦጦ ወጥቶ የተመለሰ የጳውሎስ ሰው ከዚህ ልክ አብዛኛውን በአንድ ቀን ይፈጽማል፤ የቀረውንም ከቢሮው ሲመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ በመውረድ ይሞላዋል።

የዝናም ጠብታ ሁለት መንገድ

ስለ ባሕር ካነሣን ይህን መናገር ይገባናል። የእንጦጦ ሸንተረር የአባይና የአዋሽ ተፋሰሶች መለያ ነው። በሸንተረሩ ጫፍ ላይ የወደቁ ሁለት የዝናም ጠብታዎች፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ብቻ ሳለ ዕድላቸው ለዘላለም ይለያያል። ወደ ሰሜን ያዘነበለችው በሱሉልታ ሜዳ አድርጋ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ አባይ ትገባለች፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ በኩል አልፋ፣ በካርቱም ከነጭ አባይ ጋር ተቀላቅላ፣ ወደ ግብፅ ትወርዳለች። የእስክንድርያ ከተማም የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። እንግዲህ ራምሌ በባሕሩ ዳር ተቀምጦ የሚጠጣው ሰው፣ ከእኛ ራስጌ ከወረደው ዝናም ጥቂት ሳይደርሰው አይቀርም።

ወደ ደቡብ ያዘነበለችው ግን የእኛ ናት። በጉለሌ ሸለቆዎች ወርዳ ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ቀጥላም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ትገባለች። አዋሽ ቆላውን ሁሉ እያጠጣ ወደ ባሕር ሲገሠግሥ ይቈይና ሳይደርስ በአፋር ምድር በጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ በጉለሌ የምንጠቀምበት ውሃ፣ ያጠራነውም ያሳደፍነውም፣ ከአገራችን ሳይወጣ በወገኖቻችን እጅ ይገባል። ከአቃቂ በታች ያለው ገበሬ አትክልቱን የሚያጠጣው በዚሁ ነው።

በዚህ በኩል ያለው ነገር የሚያሳዝን ነው። ውሃው ከተራራው ሲነሣ ንጹሕ ነው፤ ሠፈሩን አቋርጦ ሲወጣ ግን የቤት እድፍ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽና ፌስታል ተሸክሞ ይሄዳል፤ ከታች ደግሞ የፋብሪካ ዝቃጭ ይጨመርበታል። በእናቶቻችን ዘመን ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ልጆቻቸው በአጠገባቸው ይንቦራጨቁ ነበር። በውሃ ዳር ከሚውል ሰው ትምህርት ይገኛል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባየ ጊዜ፣ እንዶድ የብልሃርዝያን በሽታ ለመከላከል እንደሚጠቅም ሊመረምር በቃ። ዛሬ በጉለሌ በታችኛው ወንዝ ልጁን የሚያስገባ አስተዋይ ወላጅ የለም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ከምንጭ ሥር ያለ ሠፈር የቧንቧ ውሃ ተራ ለመጠበቅ ቢጫ ጀሪካን ይደረድራል።

የአንዱ ዕረፍት፣ የሌላው ድካም

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እሑድ ነፋስ ለመቀበል ወደ ላይ የሚወጣው ሰው፣ በዚያው መንገድ ወደ ታች የሚወርዱትን ሴቶች ያገኛል። እነዚህ ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ተቈልምሞ፣ ዐይናቸው ከመሬት ሳይነሣ ይወርዳሉ። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ሌሊት ወጥተው፣ ለቅመው፣ አስረው፣ ብዙ ሰዓት ተጉዘው የሚያገኙት ዋጋ የአንድ ቀን እንጀራ ነው። በብዙ ቤት እንጀራ የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ምጣድ እየሆነ መሄዱ ለጭስና ለደን መልካም ቢሆንም፣ ከዚህ ሸክም ሌላ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት ግን ገበያዋ እየጠበበ መሄዱ ነው። ደኑ ሲከበርና ሲጠበቅም እንዲሁ፣ አንዱ የዕረፍት ስፍራ ሲያገኝ ሌላዋ የሥራ ስፍራ ታጣለች።

ይህን የምንጽፈው ደኑ ይቈረጥ ለማለት አይደለም፤ መሬቱ ቢራቈት ጐርፉ በመጀመሪያ የሚወስደው የተዳፋቱን ድኾች ቤት ነው። ደግሞም አትክልቱንና መናፈሻውን ለመንቀፍ አይደለም፤ መልካም ሥራ ነውና ይመሰገናል። ነገር ግን ለዘመናት በዚህ ተራራ የኖረች ሴት ከተራራው ስትነሣ በምትኩ ሌላ እንጀራ ሊሰጣት ይገባል። ችግኝ ማፍላት፣ መንገድ መጠበቅ፣ ዛፍ መንከባከብ፣ ፈትልና ሽመና፣ ለጐብኚ ቡናና ቆሎ መሸጥ፣ ይህ ሁሉ እነርሱን የሚመለከት ሥራ ነው። የደኑን ጓዳ ጐድጓዳ ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ሥልጣን ያላቸው አንባብያን በየሥራ ክፍላቸው ይህን ቢያስቡበት፣ የመናፈሻው ውበት ከኅሊና ወቀሳ የጸዳ ይሆናል።

የተረሱ ሌሎችም አሉ። በሆስፒታሉ ደጅ ሕመምተኛቸውን የሚጠብቁ አስታማሚዎች ቀናቸው ዕረፍትም ሥራም አይደለም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ከገጠር የመጣ አባት የልጁን ወሬ እየጠበቀ ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ላይ ይውላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ትልቅ መናፈሻ አያስፈልገውም፤ አንድ ጥላ ያለው ዛፍ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የቧንቧ ውሃ ይበቃዋል። የሠፈሩ ዕድሮችና ማኅበሮች ሙታንን ለመቅበር የሚያዋጡትን ያህል ባይሆን እንኳ፣ ከዚያ ጥቂቱን ሕያዋንን ለማስቀመጥ ቢያውሉት ጽድቅም ቁም ነገርም ነው።

ሦስተኛይቱም ከእያንዳንዳችን ቤት ውስጥ ያለችው ናት። በብዙ ቤት እሑድ የአባወራው ዕረፍት ሲሆን ለእመቤቲቱ ግን ከአዘቦት ይልቅ የሥራ ቀን ነው። እንግዳ ይመጣል፤ ወጥ ይሠራል፤ ቡና ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ሰሐን ይታጠባል። ባልና ልጆች ነፋስ ተቀብለው ሲመለሱ፣ እርሷ የተቀበለችው ጢስ ብቻ ይሆናል። ይህ የሚታረመው በአዋጅ ሳይሆን በቤቱ ምክር ነው።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

እንግዲህ ወደ ተራራው ለመውጣት ለሚያስብ ቤተ ሰብ የሚከተለውን እናሳስባለን።

መጀመሪያ፣ ቢያንስ በየሁለቱ ሳምንት አንድ እሑድ ምጣድ ሳይጣድ ይዋል። ቅዳሜ ማታ ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና የተቀቀለ ድንች ቢሰናዳ ለአንድ ቀን ስንቅ ይበቃል። በጾምም በፍስክም ይሆናል። በዚህም እመቤቲቱ ከቤተ ሰቧ ጋር ትወጣለች። ስንቁን ወንዶች ልጆች ይሸከሙ፤ ሰሐኑንም ሲመለሱ እነርሱ ይጠቡ፤ በዚህ የተዋረደ ወንድ የለም።

ሁለተኛ፣ ጧት ቶሎ ተነሥቶ ከቀትር በኋላ ከሚመጣው ዝናም በፊት መመለስ ይሻላል። ከታች ፀሐይ ቢሆንም ከላይ ብርድ ነውና ለሕፃናትና ለሽማግሌዎች ጋቢና ሹራብ ይያዝ። የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ጠይቆ፣ እያረፈ፣ በዝግታ ይውጣ፤ ከፍታው ለጤነኛው ብርታት ሲሆን ለታመመው ግን ሊከብድ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በክረምት ልጆች በሸለቆና በወንዝ ውስጥ እንዲጫወቱ ከቶ አይፈቀድላቸው። እናንተ ካላችሁበት ዝናም ሳይወርድ ከተራራው ራስ የዘነበው በድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ደራሽ ውሃ ሲጮኽ የሰማ ሰው ለመሸሽ ያለው ጊዜ ጥቂት ነው።

አራተኛ፣ ይዘነው የወጣነውን ፌስታልና ጠርሙስ ይዘን እንመለስ። ከላይ የጣልነው ከታች ባለው ወንዝ በኩል ወደ ገበሬው እርሻ እንደሚደርስ ከላይ ተናግረናል። ልጅ ይህን በቃል ሳይሆን አባቱ ጐንበስ ብሎ ሲያነሣ በማየት ይማረዋል።

አምስተኛ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት ስትመጣ መንገድ እንልቀቅላት፤ ሸክሟን አሳርፋ ለመነሣት ስትቸገር እጃችንን እንስጣት። ሳትፈቅድ ፎቶግራፍ አናንሣት፤ ድካሟ የእኛ ጌጥ አይደለምና። እንደ ዕድሜዋ እማማ፣ እትዬ ወይም እኅቴ ብሎ ሰላምታ መስጠት ከማንም አይጐድልም፤ ልጆቻችንም ሰው በሸክሙ እንደማይናቅ ይረዱበታል።

ስድስተኛው በአስተዳደር ሥራ ላይ ላሉት ነው። ከየሠፈሩ ወደ ተራራው የሚወጡት የእግር መንገዶች ክፍት ሆነው ይጠበቁ። መኪናና ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ለመሄድ ይችላል፤ የሸማኔው ልጅ ግን ከዚህ ተራራ በቀር ሌላ ዳርቻ የለውም። ከመናፈሻው ውስጥ ዋጋ የሚከፈልበት ስፍራ ቢኖር፣ ያለ ዋጋ የሚቀመጡበት ሣርና የሚሄዱበት መንገድ ደግሞ በአጠገቡ ይኑር። የወንዙም ንጽሕና ከላይኛው ሠፈር መጸዳጃ ይጀመር።

ባሕር ያላቸው ሕዝቦች ዳርቻቸውን አልሠሩትም፤ ከፍጥረት ያገኙት ነው። ማዕበሉ የጣሉበትን እያጠበላቸው ይኖራሉ። የጉለሌ ዳርቻ ግን ሰው በእጁ የተከለው ነው፤ ዛፉ ተተከለ፣ አለቀ፣ ደግሞ ተተከለ፤ የሚያጥበውም ማዕበል የለውም። ስለዚህ መጠበቁም ሆነ መጥፋቱ በእጃችን ነው። በሚመጣው እሑድ የሚወጡ ቤተ ሰቦች ከስንቃቸው ጋር አንድ ባዶ ከረጢት ለጥራጊ፣ አንድ ትርፍ ዳቦም በመንገድ ለሚያገኙት ሰው ጨምረው ቢይዙ መልካም ጅማሬ ይሆናል።